የአቦሸማኔ ደቦልና እረኛው ልጅ፦ በጅቡቲ በር የወጡት የዱር አራዊት ታሪክ

የጅቡቲ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ መርከብና ስለ ባቡር ነው። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ያዙ፤ በ1888 ሌዎንስ ላጋርድ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ደቡብ አዲሱን ወደብ ቆረቆረ፤ ብዙም ሳይቆይ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያው ዞረ። በ1894 አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው በር እየወጡ ስለሄዱት የዱር አራዊት ግን እምብዛም አልተጻፈም። የእነሱን ታሪክ ስንከተል ዛሬ በየስብሰባው የሚነሳ አንድ ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ልጆችን በዱር እንስሳት ጥበቃ እንዴት እናሳትፍ የሚለው ጥያቄ። የተለመደው መልስ ልጅን እንደ ነገ ሰው ያያል፤ ዛሬ ይማር፣ ሲያድግ ይጠብቃል ይላል። የጅቡቲ ታሪክ የሚያሳየን ሌላ ነው። የአራዊቱ ንግድ የሚጀምረው ከግጦሹ ነው፤ በግጦሹ ላይ አውሬውን ከማንም በፊት የሚያገኘው ደግሞ እረኛው ልጅ ነው። ልጁ ከጉዳዩ ውጭ ሆኖ አያውቅም። ከጥበቃው ሥራ ውጭ ያደረጉት ሕግ አውጪዎችና ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው።

ከሐዲዱ በፊት የሸዋና የሐረር ሸቀጥ በግመል ቅፍለት ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከእነዚህ መካከል የዝሆን ጥርስ ከአደን፣ ዝባድ ደግሞ በቀፎ ተይዞ ከሚኖር ጥሪኝ የሚገኙ ናቸው፤ ወደቡ ገና ከጠዋቱ ከዱር እንስሳ እንጀራ ይበላ ነበር ማለት ነው። በሕይወት ያሉ አራዊትም የመንግሥታት ወዳጅነት ማሰሪያ ሆነዋል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የላኩት የሜዳ አህያ በ1882 ፓሪስ ላይ በሳይንስ ሲመዘገብ የፕሬዚዳንቱን ስም ይዞ ቀረ። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ጅቡቲ ወርዶ፣ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ አዲስ አበባ ገብቶ የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከተሰጡት ስጦታዎች መካከል አንበሶችና የዝሆን ጥርስ ነበሩበት። በተከታዩ ዓመት የሄደውን የሜዳ አህያ ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለማዳቀል ሙከራ ተጠቀሙበት። በእነዚህ መዛግብት ሰጪና ተቀባይ በስማቸው ተጽፈዋል። እንስሳውን ያየው፣ ዱካውን የተከተለው፣ የውሃ ጉድጓዱን የጠቆመው ሰው ግን የለበትም። የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ በጅቡቲ ምድር ጠፍቷል፤ በዱር የቀረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። እንስሳው ሲጠፋ ስለ እሱ የሚያውቁት የእረኞች ዕውቀትም ሳይጻፍ አብሮ ሄዷል።

ያልተጻፈውን ሰው ለማግኘት ወደ አርብቶ አደሩ ቤት መግባት ያስፈልጋል። በአፋርም ሆነ በኢሳ ዘንድ ሥራ በዕድሜ ይከፈላል። ግመል ይዘው ርቀው የሚሰማሩት ጎልማሶችና ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ፍየሉና በጉ በሴቶችና በልጆች እጅ ነው፤ ከሰፈሩ የማይርቁትን ግልገሎች የሚጠብቁት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው። አቦሸማኔ በአብዛኛው የሚነጥቀው ፍየልና ግልገል ስለሆነ ከአውሬው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው፣ አንዲት ፍየል ጎድላ ሲመሽም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ልጅ ነው። ቀጥሎ የሚሆነው በአካባቢው የታወቀ ነው። የአቦሸማኔ ደቦሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀርባቸው ላይ ረጅም ግራጫ ጸጉር ያበቅላሉ፤ ሣር ውስጥ ሲተኙ ከዓይን ይሰውራቸዋል። እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ግን ብቻቸውን ትታቸው ትሄዳለች። ፍየሉ የተበላበት ሰው ዱካዋን ተከትሎ ከደረሰ ያለ ጠብመንጃ ያለ ወጥመድ አንስቶ በጆንያ ይከታቸዋል። ከዚያ በኋላ ቂሙ ገበያ ይሆናል፤ ደላላ ይመጣል፣ ደቦሎቹ በካርቶን ይታሸጋሉ፣ ለሥጋ በል እንስሳ የማይበቃ ወተት እየተጋቱ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ከአፍሪካ ቀንድ በዚህ መንገድ የሚወጡትን በዓመት 300 ገደማ አድርጎ ይገምታል። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦሸማኔ 7,000 ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ስናስብ ቁጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል። ደቦሉን ከጎሬው የሚያወጣው ሁልጊዜ ልጅ ነው አይባልም። ከሰንሰለቱ መነሻ ቀለበት አጠገብ ግን ሁልጊዜ ልጅ አለ።

ሕጉ የቆመው ከዚያ ቀለበት ርቆ ነው። የቅኝ አስተዳደሩ በ1939 በጎዳ ተራሮች ላይ ያለውን የዳይ ደን ጥብቅ ቦታ አደረገው። በ1972 ከከተማዋ ፊት ለፊት ያለችው የሙሻ ደሴት፣ በ1980 ደግሞ ማስካሊ በጥበቃ ሥር ገቡ። አቦሸማኔ ከ1975 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይትስ፣ ከፍተኛ ጥበቃ በሚሰጠው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ኢትዮጵያ በ1989፣ ጅቡቲ በ1992 የስምምነቱ አባል ሆነዋል። በ2004 የጅቡቲ መንግሥት ዳይን፣ ማብላን፣ የአሳልና የአቤ ሐይቆችን፣ የሰባቱን ወንድማማች ደሴቶችና ሌሎችንም በአንድ ሕግ ጥብቅ አድርጎ አወጀ። ውጤቱን ግን ከዳይ ደን ማየት ይቻላል። በዓለም ላይ በዳይና በማብላ ብቻ የሚገኘው፣ በ1952 በሳይንስ የተመዘገበው የጅቡቲ ቆቅ ዛሬ ለመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ወፎች አንዱ ነው፤ መጠለያው የነበረው ጥድ አብዛኛው ደርቋል። ድርቁም፣ የከብቱ ብዛትም፣ የማገዶ ቆረጣውም ድርሻ አላቸው። አዋጆቹ ከንቱ ነበሩ ለማለት አይደለም። ሁሉም ግን ስለ ድንበር፣ ስለ ወደብና ስለ ፈቃድ የሚናገሩ ናቸው፤ ከጥዱ ሥር ፍየል ይዞ የሚውለውን ልጅ የሚያዩት ቢበዛ እንደ ደን አጥፊ ነው። ደኑን በየቀኑ የሚያየው ብቸኛ ሰው በጠላት ሲመዘገብ ደኑ ምስክር አጣ።

ነባሩ ባህል በዚህ ረገድ ከአዋጁ ይልቅ ብልህ ነበር። አፋሮች ዴሶ በሚሉት ሥርዓት አንድን የግጦሽ መሬት ለክፉ ቀን ይከልላሉ፤ ጊዜው እስኪደርስ ከብት አይገባበትም፣ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥበትም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን የአማርኛ አንባቢ በቅርብ ያውቀዋል። በመንዝ ጓሳ፣ አስቦና ገራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች የመጣው የቄሮ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት እየዘጋ አቆይቶታል፤ በዚህም የተነሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ መኖሪያ አላቸው። ዴሶም ሆነ ቄሮ ልጆችን ለይቶ የሚያስተምር ክፍል አልነበረውም፤ አያስፈልገውምም ነበር። ክልሉ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ወር ክፍት የትኛው ዝግ እንደሆነ፣ ከብት ዘው ብሎ ሲገባ ምን ቅጣት እንደሚከተል ልጁ ከከብቱ ኋላ እየተከተለ ያውቀዋል፤ ካላወቀ ቅጣቱ ቤተሰቡ ላይ ይወድቃልና። ሥርዓቱ ልጁን ትክክለኛ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው አድርጎ ቆጥሮታል። የዘመናችን የጥበቃ ትምህርት ከዚህ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ ልጁን ሥዕል ያስለዋል፣ መዝሙር ያዘምረዋል፣ የሚጠየቅበት ሥራ ግን አይሰጠውም።

የአካባቢው ሰው ዕውቀት ከሳይንስ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በቅርቡ በራሷ በጅቡቲ ታይቷል። የሶማሌ ሰንጊ የተባለች፣ አይጥ የምታክል፣ አፍንጫዋ እንደ ኩምቢ የረዘመ ትንሽ እንስሳ አለች። ተመራማሪዎች የሚያውቋት በሙዚየም ባሉ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ሲሆን የመጨረሻው መረጃ የ1968 ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከጠፉ ዝርያዎች ተራ ተመድባ ቆይታለች። በ2019 የአሜሪካ ተመራማሪዎችና የጅቡቲ ናቱር ማኅበር መሪ ሁሴን ራያሌ ሆነው በጅቡቲ ደረቅ ድንጋያማ ቦታዎች ፍለጋ ወጡ። ወጥመዱን የት እንደሚያኖሩ የመረጡት ከነዋሪዎች ጋር ተነጋግረው፣ በአካባቢው የተገኘን ኩስና የመሬቱን አቀማመጥ አይተው ነው። ከ1,000 በላይ ወጥመዶች ዘረጉ፤ ማባበያው የለውዝ ቅቤ፣ አጃና እርሾ ነበር። የመጀመሪያዋ ሰንጊ የተያዘችው ገና በመጀመሪያው ወጥመድ ነው፤ በአጠቃላይ 12 አገኙ። ግኝቱ በ2020 ሲታተም ዓለም ተደነቀ፤ ራያሌ ግን ለጅቡቲ ሰዎች እንስሳዋ ጠፍታ እንደማታውቅ ገለጸ። ከ50 ዓመት በላይ ጠፋች የተባለች እንስሳ በድንጋዩ መካከል ፍየል በሚጠብቁ ሰዎች ዓይን ፊት ስትመላለስ ኖራለች። የጎደለው ያዩትን የሚጠይቅና የሚመዘግብ ነበር። ልጆችን ማሳተፍ ስንል በቅድሚያ ማለት ያለብን ይህን ነው፤ የሚያዩትን መጠየቅና መልሳቸውን እንደ መረጃ መቁጠር።

የከተማው ልጅ ጉዳይ ከእረኛው ይለያል፤ እሱ ፍየልም ዱካም የለውም። ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ዴካን የተባለው የእንስሳት መጠለያ አለ፤ በአንድ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም የተቋቋመ ሲሆን ከሕገወጥ ንግድና ከየግለሰቡ ቤት የተወሰዱ አቦሸማኔዎችንና ሌሎች እንስሳትን ይዟል። ከከተማው ጫፍ የሚጀምረው የሐራሙስ ማንግሮቭና ጭቃማ ዳርቻ ደግሞ ከ2003 ወዲህ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች ተራ ተመዝግቧል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ፍላሚንጎዎች ጭቃው ላይ ሲለቃቅሙ ያለ ባለሙያ መነጽር ይታያሉ። ወደ ሰሜን በባብ ኤል መንደብ በኩል በየመኸሩ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ አዳኝ ወፎች ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ፤ በ1987 መኸር ወራት እንግሊዛውያን ተመልካቾች ከጅቡቲ በኩል ቆመው ከ240,000 በላይ ቆጥረዋል። ያ ቆጠራ እስካሁን የሚጠቀስ ነው፤ የተሠራውም በትዕግሥት፣ በደብተርና በእርሳስ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ልጅ አያንስም። ኬንያ ውስጥ ተማሪዎች በ1968 የዱር እንስሳት ክበባትን ሲመሠርቱ በአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ ክበባቱ እስከ ዛሬ የዘለቁት ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት ሥራ ስለነበራቸው ይመስለኛል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። የደቦል ንግድ የተደራጀ ወንጀል ነው፤ ገንዘብ አለው፣ ጀልባ አለው፣ ገዢ አለው። ይህን በተማሪ ክበብ ለመግታት መሞከር መንግሥት ሥራውን በልጆች ጫንቃ ላይ እንዲጥል ሰበብ መስጠት ነው ይላሉ። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። የባሕር ጥበቃ፣ ፍርድ ቤትና የገዢዎቹ አገሮች ሕግ ምትክ የላቸውም፤ የተባበሩት የአረብ ኤሚሬቶች በ2016 አደገኛ አራዊትን በግል መያዝን የሚከለክል ሕግ ማውጣታቸው ለዚህ ይጠቅማል። ይሁንና ፖሊስ ጀልባ ላይ የሚይዘው ደቦል ከእናቱ የተነጠቀ ነው፤ ብዙውም ከመያዙ በፊት ወይም ከተያዘ በኋላ ይሞታል። በሕይወት ቢተርፍም አቦሸማኔ ከእናቱ ጋር 18 ወር ያህል ቆይቶ የሚማረውን አደን ስላልተማረ ወደ ዱር የመመለስ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ወደቡ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር የቱንም ያህል ቢሰምር የሚያተርፈው እስረኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ ያለው ደግሞ ደቦሉ ገና ጎሬው ውስጥ ሳለ ቦታውን በሚያውቁት ሰዎች እጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለ ፍትሕ ነውና። ፍየሉ የተበላበትን፣ እራቱ ያጠረበትን የድሃ ልጅ አውሬውን ውደድ ማለት የጠገበ ሰው ስብከት ነው። ወደቡ ለአንድ መቶ ዓመት በአራዊቱ ሲጠቀም ለእረኛው ቤተሰብ የደረሰው ኪሳራው ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ የጥበቃውንም ዋጋ እሱ ይክፈል? ይህን ክርክር በቃላት መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው በበረት ነው። በእሾህ የታጠረ ጠንካራ በረት፣ ለግልገል የሚሆን ጠባቂ ውሻ፣ ለጠፋ ፍየል በወቅቱ የሚደርስ ካሳ ከሌለ ለልጁ የሚሰጠው ትምህርት ባዶ ነው። ካሉ ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ልጁ ከሚያውቀው ነገር ይሆናል፤ የጅብ ዱካና የአቦሸማኔ ዱካ በምን እንደሚለይ፣ የትኛው አውሬ በቀን የትኛው በሌሊት እንደሚመጣ፣ መንጋው በየትኛው ሸለቆ ቢውል እንደሚተርፍ። አቦሸማኔ በብዛት የሚያድነው በቀን በመሆኑ ሌሊት በረት ጥሶ ለገባ ጅብ ጥፋት እንዳይከሰስ ማድረግ ብቻውን አንዲት እናትና ደቦሎቿን ያተርፋል። ከዚሁ ጋር አንድ ወሰን መከበር አለበት፤ ልጅን የደላላ ጠቋሚ ማድረግ አይገባም። ጎረቤቱን እንዲከስ የሚጠየቅ ልጅ ለአደጋ ይጋለጣል፣ ትምህርቱም በወላጆች ዘንድ ይጠላል። ልጁ ስለ እንስሳው ይመዝግብ፤ ስለ ሰው መመርመር የፖሊስ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከጥበቃ ባለሙያዎቹ ነው። ልጅን ወደ መጠለያ ወስዶ በሽቦ ውስጥ ያለ አቦሸማኔ ማሳየት፣ እንስሳ የሚያምረው ሲያዝ ነው ብሎ ማስተማር ይሆናል፤ ዛሬ በሽቦ አሻግሮ ያየ ልጅ ነገ ገንዘብ ሲያገኝ በግቢው ያስረዋል ይላሉ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ከ1948 ጀምሮ ትውልድ ሁሉ የጎበኘው የአንበሶች ግቢ ስለ ዱር አንበሳ ኑሮ ምን ያህል አስተማረን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚነገረው ታሪክ ላይ ነው። ሆለታ አጠገብ ያለው እንስሳ ኮቴ የተባለው የቦርን ፍሪ ማዕከልም ሆነ ዴካን ከማሳያ ግቢ የሚለዩት እንስሳቱ በሰው ጥፋት ወደዚያ መምጣታቸውን መናገር በመቻላቸው ነው። ጎብኚው ልጅ መስማት ያለበት ይህ አቦሸማኔ ከየት ተነጠቀ፣ ማን አሳለፈው፣ ለምን መመለስ አልቻለም የሚለውን ነው። እንዲህ ከተነገረ ሽቦው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ካልተነገረ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ጉብኝቱ ቢቀር ይሻላል።

እንግዲህ የታሪኩ መደምደሚያ በተግባር የሚጠይቀው አለ። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሊላንድ ግጦሽ ስለሆነ በጅቡቲ ከተማ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ግማሽ ሥራ ነው፤ በደወሌና በአይሻ በኩል ያለው እረኛና በአሊ ሳቢህ ያለው እረኛ አንድ ሕዝብ ናቸው፣ ትምህርቱም በሶማሊኛና በአፋርኛ፣ የግጦሹን ወቅት ተከትሎ ሊሄድላቸው ይገባል። የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ፖስተር ሳይሆን መዝገብ ቢሆን ይሻላል፤ እረኛው ያየውን ዱካ፣ የከተማው ተማሪ የቆጠረውን ወፍ የሚያሰፍርበት፣ ባለሙያ እየመጣ የሚያነብበትና ለልጁ ምን እንዳገኘበት ተመልሶ የሚነግርበት መዝገብ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የልጅን ቃል እንደ ቁም ነገር የመቀበል ልማድ ነው። በ1903ም ሆነ ዛሬ በጅቡቲ በር የወጣው እንስሳ ሁሉ መጀመሪያ በአንድ እረኛ ዓይን አልፏል። ያንን ዓይን ከጥበቃው ውጭ አድርጎ የተሠራው ሥራ የዳይን ጥድና የግሬቪን የሜዳ አህያ አላተረፈም፤ በተመሳሳይ መንገድ ቀጥሎ አቦሸማኔን ያተርፋል ብሎ ለመጠበቅም ምክንያት የለም።